የመኪና ፖሊሽ ስፖንጅን ያለ ጊዜው የሚገድሉ ስህተቶች

ፖሊሽ መምታት የጀመሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ማሽኑ ነው። የትኛው ይሻላል? ፍጥነቱን ስንት ላይ ላድርገው? ስፖንጁን እንዴት ልያዘው ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቀለሙን የሚነካው እኮ እሱ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ጥፋቶች እነሆ።

መኪናው እስኪያልቅ ስፖንጁን አለማጽዳት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከኮፈን ወደ ፓራፋንጎ፣ ከፓራፋንጎ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጣራ፣ በአንድ ስፖንጅ! አንዴም ብሩሽ ሳያስነኩት።

ፖሊሽ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ የቀለሙን የላይኛውን ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ በትንሽ በትንሹ እየላገ ያነሳዋል። የተላገው ክሊር ከፖሊሹ ጋር ተለውሶ ስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል። ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ አየር አይዘዋወርም፤ ስፖንጁ ይግላል፣ ፊቱም ይደድራል። አዲስ ፖሊሽ ብትጨምሩ እንኳ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ከአሮጌው ጋር ይጓጉላል። ቀለሙ ላይ ጉም ይቀራል፣ አለዚያም ጥቃቅን ጭረት ይወጣል። ሰውየው ታዲያ ምን ያደርጋል? ማሽኑን ይጫነዋል። ፍጥነት ይጨምራል። ፖሊሽ ይደርባል። ሦስቱም ነገሩን ያብሱታል።

አንድ ጊዜ ጥቁር መኪና ይዞ የሚታገል ልጅ አገኘሁ። ኮፈኑ ጉም ለብሷል፤ እሱ ደግሞ ጥፋቱ የፖሊሹ ነው ብሎ ሌላ ዓይነት ከፍቷል። ስፖንጁን ከማሽኑ አላቅቄ ፊቱን በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቅርፊት የደረቀ ነጭ ነገር ተነሳ። ጠርዙን ሲጫኑት ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ግን ድርቅ ብሏል። ንጹህ ስፖንጅ ለጠፍንና መጀመሪያ የጣለውን ፖሊሽ እዚያው ቦታ ላይ ሞከርነው። ጉሙ ለቀቀ። የልጁ እጅ ጎበዝ ነበር፤ ስፖንጁን የሚያይበት ልማድ ብቻ ነው ያጣው።

ስለዚህ አንድ ቦታ በጨረሳችሁ ቁጥር፣ ማለትም ወደ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ያህል በሠራችሁ ቁጥር፣ አቁሙና አጽዱ። ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሱና የናይሎን ብሩሽ ፊቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ያዙበት። ብሩሽ ከሌለ ንጹህ ፎጣ ፊቱ ላይ ተጭናችሁ አዙሩት፤ እርጥቡን ፖሊሽ ይስብላችኋል። ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ደግሞ በአየር ቢነፋው ከሁሉም የተሻለ ነው። ብናኙ ይበተናልና ማስክና መነጽር አድርጉ፣ ከመኪናውም ራቅ በሉ። ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ዓይነት ፖሊሽ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ስፖንጅ ይኑራችሁ። አንዱ ሲግል ሌላውን ትይዛላችሁ።

በዊንዲቨር ወይም በቢላ ጫፍ የሚፍቁትንም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ፤ ይቦጫጨቃል።

ፖሊሽ ማብዛት

ሦስት አራት ጠብታ ይበቃል። የራሰ ስፖንጅ ፖሊሹን ወደ መስታወትና ፕላስቲክ ከመርጨት ሌላ ጥቅም የለውም።

«ነገ አጥበዋለሁ»

ነገ ስትመጡ ደርቆ ይጠብቃችኋል። የደረቀ ፖሊሽ ከስፖንጅ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም፤ ደጋግማችሁ ስትፈትጉት ደግሞ ስፖንጁ ያልቃል። ሥራው ካልተጠናቀቀ የተጠቀማችሁበትን ስፖንጅ ትንሽ ሳሙና ያለው ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ጣሉትና ቀጥሉ። እስክትጨርሱ ድረስ ብቻ ነው ታዲያ። እዚያው ካደረ ቬልክሮውን (ማሽኑ ላይ የሚለጠፈውን ጀርባውን) ከስፖንጁ ጋር የያዘው ሙጫ መልቀቅ ይጀምራል።

በሚፈላ ውሃ፣ በበረኪና፣ በቤንዚን ማጠብ

«ቶሎ ያነሳልኛል» ብሎ ቲነር የሚያፈስም አለ። አዎ፣ ቆሻሻውን ያነሳል፤ ሙጫውንም አብሮ ያነሳል፣ ስፖንጁንም ያሳብጠዋል። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በአውራ ጣታችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያሻችሁ ግፉት፤ ነጩ ፈሳሽ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ከዚያ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ አለቅልቁት። የቀረ ሳሙና ቀጥሎ ከምትቀቡት ፖሊሽ ጋር ይቀላቀላል።

ልክ እንደ ልብስ መጠምዘዝ ግን ክልክል ነው። ስፖንጁ ይሰነጠቃል፣ ሙጫውም ይላቀቃል። በሁለት መዳፋችሁ መሃል ጫን አድርጉት፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልላችሁ ድገሙት።

አደራረቅ

ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፀሐይ ስፖንጁን ቢጫ ያደርገዋል፣ እየቆየም ያፈረፍረዋል። ማሞቂያ አጠገብም አይሁን። ጥላ ያለበት፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ላይ፣ ወንፊትነት ባለው ነገር ላይ አስቀምጡት። አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስፖንጁ ወደ ታች፣ ቬልክሮው ወደ ላይ ነው። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ከሙጫው ይርቃል። ገልብጣችሁ ካስቀመጣችሁት ውሃው ሙጫው ላይ ይተኛል።

ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በሶፍት ይዛችሁ መሃሉን ጭመቁት፤ ሶፍቱ ከራሰ አልደረቀም። እርጥቡን ብትሠሩበት ፖሊሹን ያቀጥነዋል። እርጥቡን ላስቲክ ውስጥ ብታሽጉት ደግሞ ይሻግታል።

ማሽኑን በስፖንጁ ላይ አስቀምጦ መሄድ

የማሽኑ ክብደት ስፖንጁን ያጎብጠዋል። ጎባጣ ስፖንጅ ሲዞር ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። እንደጨረሳችሁ አላቁት። ስታላቅቁትም ከቬልክሮው ጠርዝ ያዙ። ስፖንጁን ይዛችሁ ከጎተታችሁ፣ በተለይ ገና ሳይበርድ፣ ቬልክሮው ማሽኑ ላይ ይቀርና ስፖንጁ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ሲለጠፍም መሃል ለመሃል ይሁን።

ለኮምፓውንድ፣ ማለትም ለሻካራው ፖሊሽ፣ የተጠቀማችሁበትን ስፖንጅ ለማጠናቀቂያ ፖሊሽ አታድርጉት። ሻካራው ብናኝ ታጥቦም ሊቀር ስለሚችል ያለሰለሳችሁትን መልሶ ይጭርባችኋል። የየትኛው እንደሆነ ጀርባው ላይ በማርከር ጻፉበት። መሬት የወደቀ ስፖንጅም ሳይታጠብ ወደ ቀለም አይመለስ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች።

የሚጣልበትን ጊዜ ደግሞ እወቁ። ጠርዙ ከተቆራረሰ፣ መሃሉ ሰምጦ ካልተመለሰ፣ ቬልክሮው መያዝ ካቆመ ወይም ከስፖንጁ መላቀቅ ከጀመረ ለቀለም አይሆንም። በሱፐር ግሉ ለጥፎ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ማሽኑ እየዞረ ስፖንጁ ከተፈናጠረ ስፖንጁ የሚለጠፍበት የማሽኑ ሳህን ቀለሙ ላይ ያርፋል። ይልቅ ቆራርጣችሁት ጎማ የሚያጠቁረውን ፈሳሽ ቀቡበት። ከንጹሆቹ ጋር ግን አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት።