«ወ/» ሁልጊዜ ወልደ አይደለም

የቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ ከአሮጌ ወረቀት እየለቀማችሁ ከሆነ፣ «ገ/» ገብረ፣ «ደጃ/ች» ደጃዝማች መሆኑን መለየት ቀላል ነው። ሰው የሚያሳስተው «ወ/» ነው። ለወንድ ወልደ ይሆናል፤ ለሴት ግን ወለተ። ስለዚህ «ወ/ማርያም» የሚል ስታገኙ ወንድ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ «ተጠመቀ» ነው ወይስ «ተጠመቀች» የሚለው፣ ግሱን እዩ። እኔ የአያቴን እናት ስንት ዓመት ሙሉ በወንድ መዝግቤ ኖሬአለሁ፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። «ተ/»ም እንዲሁ ነው፦ ተ/ሃይማኖት ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ተ/ማርያም ግን ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ሊሆን ይችላል።

ስትገለብጡ አጽሕሮተ ቃሉን እንዳለ ጻፉት፤ ግምታችሁን ለብቻው ከጎኑ አስፍሩ። ቀኑ ላይ ደግሞ «ዓ.ም.» ነው ወይስ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ አረጋግጡ፤ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው።