በዓላትን ሳያስቀሩ የክሬዲት ካርድ ዕዳን እንዴት ከፍሎ መጨረስ ይቻላል

አሜሪካ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት በሦስት ክሬዲት ካርዶች ላይ 8,400 ዶላር ዕዳ ተጠራቅሞብኝ ነበር። የዓመቱን የሂሳብ መግለጫዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀን በቀን ስመለከታቸው፣ ወጪው ከፍ የሚለው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን መሆኑን አየሁ። የበጉ ዋጋ፣ የልጆች ልብስ፣ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼና እህቶቼ የሚላከው የበዓል ገንዘብ፣ ሁሉም በካርድ ነበር የተከፈለው።

በመጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ በዓልን ጨርሶ መተው ነበር፤ ይህም ስህተት ነበር። በዚያ ዓመት ገናን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን አሳለፍነው፤ ሽንኩርት ሳይቁላላ፣ ቡና ሳይፈላ ዋለ። ማታ ልጄ «አባዬ፣ ዘንድሮ ገና የለም እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ለጥምቀት ያን ቀን ለማካካስ ስል ለገና አወጣው ከነበረው በላይ አወጣሁ፤ እሱም በካርድ። ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት ከዚያ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም በዓል አልቀረብንም። የተከተልኩት መንገድ የሚከተለው ነው።

1. ዕዳውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ

ለእያንዳንዱ ካርድ ቀሪውን ዕዳ፣ ዓመታዊ የወለድ መጠኑን፣ ዝቅተኛውን ወርሃዊ ክፍያና የመክፈያ ቀኑን ይጻፉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኮች በየወሩ መግለጫ ላይ አንድ ሠንጠረዥ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ሠንጠረዡ ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍሉ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በወር ስንት መክፈል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። እኔ ለዓመታት ሳላነበው አልፌው ነበር።

የእኔን ለአብነት ልውሰድ። 8,400 ዶላር በ24 በመቶ ወለድ በወር ወደ 168 ዶላር ወለድ ያስከፍላል። ዝቅተኛው ክፍያ ብዙ ጊዜ የወሩ ወለድና ከዋናው ዕዳ አንድ በመቶ ድምር ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ወር ከከፈልኩት 252 ዶላር ውስጥ ዕዳውን የቀነሰልኝ 84ቱ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል። በየወሩ ሳይቀየር 330 ዶላር ቢከፈል ግን በ36 ወር ያልቃል። በመጀመሪያው ወር ላይ ልዩነቱ 78 ዶላር ብቻ ነው።

2. ዕዳ እስካለ ድረስ የበዓል ወጪ በካርድ አይክፈሉ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ክሬዲት ካርድ ያለ ወለድ የሚያገለግለው የወሩ ሂሳብ በሙሉ ሲከፈል ነው፤ መግለጫው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን የእፎይታ ጊዜ ይኖራል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉውን የከፈለ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይቆጠርበትም። ካለፈው ወር ዕዳ ቀሪ ያለበት ሰው ግን ይህ እፎይታ ይቀርበታል። ዛሬ የገዛው ዶሮ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። «የበዓሉን ወጪ በካርድ ልክፈልና ደመወዝ ሲገባ ወዲያው እመልሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ዕዳ ለሌለበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የነጥብ ስጦታ አገኛለሁ እያልኩ የበዓል ዕቃ ሁሉ በካርድ እገዛ ነበር። ከመቶ ዶላር አንድ ወይም ሁለት ዶላር በነጥብ አገኝ የነበረ ሲሆን፣ በወለድ ግን በየወሩ ሁለት ዶላር እከፍል ነበር።

ከዚህ የባሰው ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክ ነው። በአንድ የፋሲካ ሳምንት እናቴ ጋ እንዲደርስ 400 ዶላር በስልኬ መተግበሪያ ላክሁ፤ የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነበር። ካርዱን የሰጠኝ ባንክ ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን በካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣሁ ቆጠረው። 20 ዶላር ክፍያ ተጨመረብኝ፣ የወለድ መጠኑ ወደ 30 በመቶ ተጠጋ፣ የእፎይታ ጊዜም አልነበረውም። ይህ ባንኩ በላከልኝ ውል ውስጥ የተጻፈ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ከባንክ ሂሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ይላክ። ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ በአሜሪካ በጥሬ ገንዘብና በመኒ ኦርደር በሚከፈል የውጭ ሐዋላ ላይ የአንድ በመቶ ግብር ስለሚታሰብ፣ ከባንክ ሂሳብ መላክ በዚህም በኩል ይሻላል። ግብሩን ለመሸሽ ብሎ ወደ ክሬዲት ካርድ መዞር ግን አንድ ዶላር ለማዳን ብዙ ዶላር ማጣት ነው።

3. ለበዓል የተለየ ሂሳብ ይክፈቱ

የበዓላት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ እንቁጣጣሽ ብዙውን ጊዜ መስከረም 11፣ መስቀል መስከረም 27፣ ገና ጥር 7፣ ጥምቀት ጥር 19 በፈረንጆች አቆጣጠር ይውላሉ፤ ፋሲካም ቢሆን ቀኑ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ይገኛል። ያለፈው ዓመት የበዓል ወጪዬን ከመግለጫዎቹ ደምሬ 2,600 ዶላር አገኘሁ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 26 ጊዜ ደመወዝ ስለሚቀበል፣ ይህ በየደመወዙ 100 ዶላር ማለት ነው፤ ዕዳ እየከፈልኩ ይህን አልችልም ነበር። 60 ዶላር ግን እችላለሁ፣ በዓመት 1,560 ይሆናል። ደመወዝ በገባበት ቀን በራሱ ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲተላለፍ አደረግሁ፤ በእጅ አስተላልፋለሁ ያልኩባቸው ወራት ሁሉ ሳይተላለፍ ቀርቷልና በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

4. በዓሉን በዓል የሚያደርገው ምን እንደሆነ ከቤተሰብ ጋር ይለዩ

ከ2,600 ወደ 1,560 መውረድ የሚቻለው እዚህ ነው። ከባለቤቴና ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን «ባለፈው ፋሲካ የምታስታውሱት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ስለ ልብሱ የጠቀሰ ማንም አልነበረም። ትልቋ ልጄ ያነሳችው የእንቁላሉን ነገር ነው። ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ተከፍሎ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለሰዓታት ሲቁላላ፣ የእሷ ድርሻ አሥራ ሁለቱን የተቀቀሉ እንቁላሎች መላጥና ወጡ እንዲገባባቸው በቢላዋ ጫፍ ስስ መስመር ማውጣት ነበር። አንዱ ሲሰነጠቅባት አያቷ ታደርግ እንደነበረው ባለቤቴ ቀስ አድርጋ አፏ ውስጥ ጨመረችላት። ይህ ሁሉ ከምግቡ ዋጋ በቀር ምንም አያስወጣም። ቡናው፣ ፈንድሻው፣ ድፎ ዳቦው፣ በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ሥለው ለጎረቤት የሚሰጡት ወረቀትም እንዲሁ ነው።

ቀድሞ የቀረው ለየቤቱ የሚታረደው በግ ነው። በምትኩ ከስምንት ቤተሰቦች ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ የከብት እርባታ ቅርጫ ገባን፤ መደቡ ሲከፋፈል ልጆቹ ቆመው አዩ፣ ዕጣውንም እነሱ አወጡ። ከበጉ በርካሽ ዋጋ የበለጠ ሥጋ አገኘን፤ ቀኑም ከሰው ጋር ዋለ። ከቅርጫ በፊት ግን ገንዘቡን አስቀድሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ለሁሉም በካርዱ ከፍሎ በኋላ የሚሰበስብ ከሆነ ዕዳው በእሱ ላይ ይቀራል።

የልጆች ስጦታን በተመለከተ የእኛ ገና ከፈረንጆቹ ገና 13 ቀን ዘግይቶ መዋሉ ትልቅ ጥቅም አለው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 26 እና ከዚያ በኋላ መደብሮች ዋጋ ይቀንሳሉ። ለልጆቹም የእኛ ገና ጥር 7 መሆኑን ከሕፃንነታቸው ማስረዳት ባህሉንም ገንዘቡንም ይጠብቃል።

5. አገር ቤት ላሉት እውነቱን አስቀድመው ይንገሩ

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። ውጭ አገር ያለ ሰው ዕዳ አለብኝ ብሎ ለእናቱ መናገር ያሳፍረዋል፣ ስለዚህ ተበድሮ ይልካል። እኔም ከበዓሉ ሁለት ወር ቀድሜ ደወልኩና ሁኔታውን ነገርኳት። «እኔ ደግሞ ተበድረህ የምትልክ መሆኑን መች አወቅሁ ልጄ? ለበዓሉ የሚያስፈልገኝ ዶሮው፣ ቅቤውና ቡናው ነው፤ የቀረውን እየላክህልኝ እኔ ለሰው ሳከፋፍል ነው የኖርኩት» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ።

የሚላከውን መጠን በብር ተነጋግረው ይወስኑ፤ በዶላር ልማድ አይላክ። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር፤ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሸቀጦች ዋጋም ስለጨመረ ትርፉ ሁሉ ለላኪው ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም የዶሮውንና የቅቤውን የዛሬ ዋጋ ጠይቆ ያንን መላክ ድሮ የለመዱትን 300 ዶላር ሳያስቡ ከመላክ ይሻላል። ይህ ንግግር በበዓሉ ዋዜማ ከሆነ ቅሬታ ያመጣል፤ ከሁለት ወር በፊት ሲሆን ግን ምክክር ይሆናል።

6. ዕዳውን ይክፈሉ

በሁሉም ካርዶች ላይ ዝቅተኛውን እየከፈሉ ትርፉን ከፍተኛ ወለድ ባለው ላይ ያድርጉ። ትንሹን ዕዳ መጀመሪያ ጨርስ የሚሉ አሉ፤ በሁለት ወር የሚያልቅ ትንሽ ቀሪ ካለ እስማማለሁ፣ ከዚያ ውጭ ግን ወለዱን መከተል ያዋጣል። በዓመት ሁለት ወራት ላይ ሦስተኛ ደመወዝ ይመጣል፤ ከእነዚያ የበዓሉ 60 ዶላር ከተነሳ በኋላ የቀረው በሙሉ ለዕዳው ይሁን። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ስለማይገዛ የእኛ ቤት ወጪ በግልጽ ይቀንሳል። ከቀነሰው ግማሹን ለዕዳው፣ ግማሹን ለተቸገረ እናደርጋለን፤ ከጾም የተረፈ የድሃ ነው ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ናቸውና ሁሉንም ለባንክ መስጠት አልፈለግሁም።

ከአቋራጮች ሁሉ የምመርጠው ዕቁብን ነው። ሃያ ሰው በወር 200 ዶላር የሚጥልበት ዕቁብ 4,000 ዶላር ያወጣል፤ ዕጣው ቶሎ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ይቆጠራል። በ24 በመቶ ካርድ ላይ ያለ 4,000 ዶላር ዕዳ በወር 80 ዶላር ወለድ ያስከፍላል። ዕጣዬ በአራተኛው ወር ሲወጣ በዚያው ቀን ትልቁን ካርድ ከፈልኩበት። ከዚያ በኋላ መዋጮውን ማጓደል ግን ዋስ የሆነልኝን ሰው ማዋረድ ስለሆነ፣ ገቢው አስተማማኝ ያልሆነ ሰው ይህን ባይሞክር ይሻላል።

ዕዳን ለአንድ ዓመት ወይም ለ18 ወር ያለ ወለድ ወደሚይዝ ካርድ ማዛወርም ይቻላል፤ ማዛወሪያው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። እኔ አንዴ አዛውሬ ባዶ የሆነውን የድሮ ካርድ ለእንቁጣጣሽ ስለተጠቀምኩበት ዕዳዬ ሁለት ሆነ። ካዛወሩ የድሮውን ካርድ ከኪስዎም ከስልክዎም ያውጡ። ዝቅተኛውን ክፍያ እንኳን መክፈል ያቃተው ሰው ለባንኩ ደውሎ የችግር ጊዜ ቅናሽ ይጠይቅ፣ ወይም ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዕዳ አማካሪዎችን ያነጋግር። ዕዳህን በግማሽ አስቀንስልሃለሁ ብሎ በስልክ የሚደውልና ምንም ሳይሠራ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት ግን የፌዴራል ደንብ እየጣሰ ነው፤ ስልኩን ይዝጉት።

7. የመጨረሻዋን ሂሳብ ሳያዩ አልጨረስኩም ይበሉ

መግለጫው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ቀሪ ከከፈሉ በኋላም በሚቀጥለው ወር ትንሽ ሂሳብ ይመጣል። መግለጫው ከወጣበት ቀን እስከ ከፈሉበት ቀን ያለው ወለድ ነው። እኔ ጨርሻለሁ ብዬ መግለጫውን መክፈት ስላቆምኩ በ11 ዶላር ሂሳብ የመዘግየት ቅጣት ደርሶብኛል። ስለዚህ ወደ ባንኩ ደውለው የዚያን ቀን ሙሉ መዝጊያ መጠን ይጠይቁ፣ ከዚያም ቀሪው ዜሮ የሆነ መግለጫ ሁለት ወር ተከታትሎ እስኪመጣ ይጠብቁ። ሁለተኛው ዜሮ ለእኔ የመጣው ጳጉሜን ላይ ነበር። ለካርዱ ይሄድ ከነበረው 330 ዶላር ውስጥ የተወሰነውን በዚያው ቀን ወደ በዓሉ ሂሳብ አዛወርኩና፣ የዚያ ዓመት የእንቁጣጣሽ ዶሮ በዴቢት ካርድ ተገዛ።