የጀርመኖቹ "ሹልደንብሬምዘ"፦ አመጣጡ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጀርመን ያላችሁ በጀት በተነሳ ቁጥር ይሄን ቃል ትሰሙታላችሁ፣ ሹልደን ዕዳ ብሬምዘ ፍሬን፣ በቃ የዕዳ ፍሬን፣ መንግሥት ከተወሰነ በላይ እንዳይበደር የሚገድብ ህግ ነው። ግን ስለ አመጣጡ የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

የመጀመሪያው ስህተት ጀርመኖች ፈጠሩት ማለት ነው። ቋንቋው የነሱ ነው እንጂ ነገሩ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው፤ እዛ በ90ዎቹ የፌደራሉ ዕዳ ሲያሻቅብ ጊዜ ዲሴምበር 2001 ላይ ህዝቡን ድምፅ አሰጡት፣ 85 በመቶ ገደማ ይሁን አለ፣ 2003 ላይ ስራ ጀመረ። ጀርመን ህገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባችው 2009 ላይ ነው፣ ሲያስገቡትም "ሹልደንብሬምዘ" የሚል ቃል አልጻፉበትም፣ አንቀጽ 109 እና 115 ብታነቡ አታገኙትም።

ሁሉንም በኋላ የፋይናንስ ሚኒስትር ለሆነው ለሾይብለ መስጠትም አለ። ህጉ ሲገባ ቻንስለሯ ሜርክል ብትሆንም የፋይናንስ ሚኒስትሩ ሶሻል ዴሞክራቱ ሽታይንብሩክ ነበር። ሾይብለ የሚታወቀው በ"ሽቫርጸ ኑል" ነው፣ ጥቁሯ ዜሮ፣ አዲስ ብድር ሳይወስዱ በጀት መዝጋት፣ 2014 ላይ አሳክቷታል። እሷ የፖለቲካ ግብ ናት፣ ፍሬኑ ግን ህግ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ "ጀርመንኛ ላይ ዕዳና ጥፋት አንድ ቃል ስለሆነ ነው ብድር የሚፈሩት" የሚለው ፍልስፍና ነው። ሹልድ ጥፋት ነው እሺ፣ ሹልደን ሲባል ግን ሰው የሚያስበው ገንዘቡን ነው። ደሞ ቃሉ ያን ያህል ቢያስፈራቸው ኖሮ ለአስርት ዓመታት ባልተበደሩ! ከ1969 ጀምሮ የነበረው ህግ ለኢንቨስትመንት የምታወጣውን ያህል ተበደር የሚል ነበር፣ እሱም ኢኮኖሚው ከተናጋ ማለፍ ይቻላል፣ ስለዚህ ምንም ሳይገታ ዕዳው ተከመረ፣ ፍሬኑ የመጣው ለዛ ነው።

ፍሬን ሲባል ብድር ክልክል የሚመስለውም ብዙ ነው። አይደለም፤ የፌደራሉ መንግሥት በመደበኛ ጊዜ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 0.35 በመቶ ድረስ መበደር ይችላል፣ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ይጨመርለታል፣ በኮሮና ጊዜ ደግሞ በአስቸኳይ ሁኔታ ስም ጭራሽ ተለቆ ነበር። ማርች 2025 ላይ ከምርቱ 1 በመቶ በላይ የሆነውን የመከላከያ ወጪም ከፍሬኑ አወጡት።

እና "ዞንደርፈርሜገን" ሲሉ እንዳትሸወዱ፣ ቃሉ ልዩ ሀብት ይመስላል ግን የ2022ቱ 100 ቢሊዮን የጦር ሰራዊት ዩሮም የ2025ቱ 500 ቢሊዮን የመሠረተ ልማቱም ከፍሬኑ ውጪ እንዲሆን የተደረገ ብድር ነው።