ያወቅን የሚመስለን ግን ያላወቅንባቸው ስህተቶች፦ በጥናት፣ በእንቅልፍና በልብወለድ ዙሪያ

ከሌሊቱ 9 ሰአት ነው፣ ጠዋት ፈተና አለኝ፣ ደብተሩን ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እያነበብኩ ነው፣ አረፍተ ነገሩን ስጀምረው መጨረሻው ቀድሞ ይመጣልኛል፣ በቃ ሸመደድኩት ብዬ ውስጤ ደስ ብሎታል። ጠዋት ወረቀቱ ሲመጣ የጥያቄው መልስ የት ገጽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። በቀኝ በኩል ነው፣ ከላይ፣ በቢጫ ሃይላይተር ተቀብቷል፣ ጎኑ ላይ የቡና ጠብታ አለ። ጠብታዋ ራሷ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። የተጻፈው ነገር ግን የለም!

ያኔ የመሰለኝ ጭንቅላቴ ደካማ ስለሆነ ነው። በኋላ ስለ እንቅልፍና ስለ ማስታወስ የተጻፉ ነገሮችን እያነበብኩ ስመጣ የገረመኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ስህተቶች እየሰራናቸው ትክክል ናቸው የሚመስሉን፣ እንደውም ትክክለኛው መንገድ ነው ስንሄድበት የሚከብደውና "አልገባኝም" የሚያስብለን። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

የመጀመሪያው ያው እንቅልፍን ቆርጦ ለጥናት መስጠት ነው። እንቅልፍ ሲባል መብራት አጥፍቶ ቤት እንደመዝጋት አድርገን ነው የምናስበው፣ ማለትም በዛ ሰአት ምንም ስራ ስለማይሰራ ብንቀንሰው የሚጎድል ነገር የለም። ግን ቀን የተማርነው ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ሂፖካምፐስ የሚባል፣ አንጎላችን ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለ ትንሽ ክፍል ላይ ነው፣ እሱ ደሞ ጊዜያዊ ማስቀመጫ በሉት። ከባዱ እንቅልፍ ሲይዘን ቀን የተያዘው ነገር እዛው ውስጥ ተመልሶ ይደገማል፣ እየተደገመ ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ይሻገርና ይረጋል። በ1994 ዊልሰንና ማክናውተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄን አይጦች ላይ አይተውታል፣ አይጧ ነቅታ ስትንቀሳቀስ አብረው ሲሰሩ የነበሩ ሴሎች ስትተኛም አብረው ሲሰሩ ተገኙ። አይጧ በህልሟ እየሮጠች ነበር ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

ከዛ በጣም በፊት በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ፊደላት አስሸምድደው አንዳንዴ ወዲያው ያስተኟቸዋል፣ አንዳንዴ ነቅተው የቀን ስራቸውን እንዲሰሩ ይተዋቸዋል፣ ከዛ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ8 ሰአት በኋላ ይጠይቋቸዋል። ተኝተው የተነሱ ጊዜ የሚያስታውሱት በጣም የበለጠ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን ከዛ ወዲህ ብዙ ሰው እየደጋገመ አይቶታል። ደሞ ጉዳቱ ወደ ፊትም ነው፣ ያልተኛ ሰው የትናንቱን ማርጋት ብቻ ሳይሆን የነገውንም መቀበል ያቅተዋል፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ሰዎች በማግስቱ አዲስ ነገር ሲሰጣቸው ሂፖካምፐሳቸው ራሱ ስራው ቀንሶ ታይቷል። ስለዚ ፈተና ካለፈ በኋላ ያለው የነገው ክላስም አብሮ ተበላ ማለት ነው።

ሁለተኛው "እኔ ስድስት ሰአት ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ" የሚለው ነው። ይሄን የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ ራሳችን ነን። በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ሰዎችን ለ14 ቀን በተከታታይ በቀን 6 ሰአት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ አድርገው ትኩረታቸውን እየለኩ ነበር፣ ውጤታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ሳይተኛ ካደረ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። እሱ አይደለም የሚያስደነግጠው። "ምን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል?" ሲሏቸው መልሳቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙም አልተለወጠም፣ ሰዎቹ እየደከሙ ነው ግን መድከማቸውን አያውቁትም። ለምጄዋለሁ የምንለው ነገር መልመድ ሳይሆን መለኪያው መበላሸቱ ነው። ለአዋቂ ሰው ሀኪሞች የሚመክሩት ቢያንስ 7 ሰአት ነው።

ሌላ ነገር፣ እንቅልፍ ከላይ እስከታች አንድ አይነት አይደለም። በግምት በየ90 ደቂቃው የሚሽከረከር ነገር ነው፣ ከባዱ እንቅልፍ በብዛት መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ ብዙ ህልም የምናይበት አይናችን ከቆቡ ስር ወዲያ ወዲህ የሚልበት (በ1953 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የተመዘገበው) ደሞ ወደ ንጋት ላይ ይረዝማል። ስለዚ አላርሙን ሁለት ሰአት ቀደም ብሎ እንዲጮህ ስናደርገው ከሁሉም እኩል እየቆነጠርን አይደለም፣ የንጋቱን ህልም ነው በብዛት የምንቆርጠው።

ሶስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ደጋግሞ ማንበብና ማቅለም። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሁፍ አስነበቡ፣ ከዛ ግማሾቹ መልሰው እንዲያነቡት ሲደረግ ግማሾቹ ደሞ ጽሁፉ ተወስዶባቸው ትዝ ያላቸውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ተገለበጠ፣ ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው በለጡ። ደሞ ምን አለ፣ ጎበዝ ሆነን እንመጣለን ብለው የበለጠ በራሳቸው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ለምን እንደሆነ የቡና ጠብታዋን አስቡ። አንድን ገጽ አራቴ ስታዩት ገጹ ይለመዳል፣ አይን ይንሸራተታል፣ ያ መንሸራተት ነው "ገብቶኛል" የሚል ስሜት የሚሰጠው። አንድን ሰው መንገድ ላይ አይቶ "አውቀዋለሁ" ማለትና ስሙን መጥራት አንድ አይደለም አይደል? ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው፣ እኛ ያጠናነው መልኩን ነው። መድሃኒቱ ቀላል ነው ግን ያስጠላል፦ አንድ ርእስ ካነበባችሁ በኋላ ደብተሩን ዝጉ፣ ወረቀት አውጡ፣ ምን ነበር ያለው ብላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚወጣው፣ ጭንቅላታችሁን ታካላችሁ፣ "ምንም አላውቅም እንዴ?" ትላላችሁ። አዎ፣ እሱ ነው ጥናቱ። ከዛ ደብተሩን ከፍታችሁ የጎደለውን ብቻ ትሞሉታላችሁ። ሃይላይተሩን አትጣሉት፣ ግን ገጽ ስለቀባችሁ አጠናሁ አትበሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ስራ ራሱን መፈተኛ አድርጎ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ሲሸመድድ መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን እንደሆነ፣ ቆይቶ ደሞ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል፣ ልምምድን በቀናት መከፋፈል በአንዴ ከማጎር እንደሚሻልም አይቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በትክክል ለዚህ ነው። አምስት ሰአት ካላችሁ አንድ ሌሊት ላይ ከምትከምሩት በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰአት ይሁን፣ በመሃሉ ደሞ አምስት ሌሊት ትተኛላችሁ። ትንሽ ረስታችሁ ስትመለሱበት ይከብዳል፣ መክበዱ ነው የሚጠቅመው።

ሄድፎን አድርጎ ተኝቶ ቋንቋ መልመድ የሚባለውን ቶሎ ልለፈው። አይሰራም። በ1950ዎቹ የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚለካ ሽቦ ጭንቅላት ላይ አድርገው በእርግጥ የተኛ ሰው ላይ ሲሞክሩት የሰማውን ጠዋት አያስታውስም ነበር፣ የሰራላቸው የመሰላቸው በመሃል ነቅተው የሰሙ ናቸው። ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ በ2007 ሰዎች ስእል ያለባቸው ካርዶች የት የት እንደተቀመጡ ሲያጠኑ የጽጌረዳ ሽታ ያሸቷቸዋል፣ ከዛ ከባድ እንቅልፍ ላይ እያሉ ያንኑ ሽታ መልሰው ሲያሸቷቸው ጠዋት ላይ የተሻለ አስታወሱ። ማለትም እንቅልፍ አዲስ ትምህርት አያስገባም፣ ነቅታችሁ ያስገባችሁትን ግን ያጠነክራል። ምንም ካላስገባችሁ የሚያጠነክረው ነገር የለም።

ቡና ላይ ደሞ ሰው የሚሳሳተው ጉልበት የሚሰጥ እየመሰለው ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ ድካም የምንለውን ስሜት ከሚያመጡት አንዱ እሱ ነው፣ ካፌይን የሚያደርገው አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ መያዝ ነው። ድካሙ አልጠፋም፣ በር ላይ ቆሟል። አማካይ ሰው ላይ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰአት አካባቢ ይፈጅበታል፣ ከቀኑ 10 ሰአት የጠጣችሁት ማታ 3 ሰአት ላይ ገና ግማሹ ውስጣችሁ ነው። "እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚሉ አሉ፣ ይተኛሉ፣ እንቅልፉ ግን ሊሳሳ ይችላል፣ እሱን ደሞ ተኝተው ስለሆነ አያውቁትም።

አሁን ወደ ልብወለድ። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተት አለ። አንደኛው "ልብወለድ ጊዜ ማባከኛ ነው፣ እውቀት ያለው መጽሃፍ አንብብ" የሚለው ነው። ግን ማንበብ፣ ልብወለድም ቢሆን፣ ራሱ አንጎልን የሚያሰራ ነገር ነው። ሰው ማንበብ ከጀመረ ከ5000 አመት ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚ ለንባብ ተብሎ የተፈጠረ የአንጎል ክፍል የለንም፣ ለማየትና ለመናገር የነበረውን ነው አሰልጥነን የምንጠቀምበት። ያ የሰለጠነ ክፍል ሲጎዳ ምን እንደሚሆን ዴዠሪን የሚባል የፈረንሳይ ሀኪም በ1892 ጽፎታል፣ በሽተኛው መጻፍ ይችላል፣ ራሱ የጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም። ደሞ ስናነብ ቃሉ ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ በ2004 ሰዎች "ረገጠ" አይነት ቃል ሲያነቡ እግር የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል አካባቢ እንደሚነሳሳ ታይቷል። ገጸ ባህሪዋ ደረጃ ስትወጣ እኛም ትንሽ እየወጣን ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ደሞ የኛ የአንባቢዎቹ ነው፣ ልብወለድ ያነበበ ሁሉ ሩህሩህ ይሆናል ብሎ መፎከር። በ2013 አንድ አጭር የስነጽሁፍ ታሪክ ማንበብ ወዲያው የሌላውን ሰው ስሜት የማወቅ ችሎታን ይጨምራል የሚል ጥናት ወጥቶ ሁላችንም ሼር አድርገን ነበር፣ እኔን ጨምሮ። ከዛ በ2018 ታዋቂ ጥናቶችን እየደገሙ የሚፈትሹ ሰዎች ሲደግሙት አልሰራላቸውም። ለአመታት ልብወለድ ያነበቡ ሰዎች ሌላውን በመረዳት ፈተና ላይ በትንሹ ይሻላሉ፣ ይሄ ደጋግሞ ታይቷል፣ ግን ያነበቡት ስለሆነ ነው ወይስ ድሮም ሰው ስለሚያጓጓቸው ነው ያነበቡት? እሱ አልተለየም። ባጭሩ እንደ ክኒን አንድ ታሪክ ውጦ ውጤት መጠበቅ አይሆንም፣ ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ "አንብቤዋለሁ" ማለትም እንደዛው፣ ማን እንደሞተ ማወቅና ከሟቹ ጋር ሶስት መቶ ገጽ መኖር ለየቅል ነው።

የመጨረሻው አልጋ ላይ ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ላይ ማታ ማታ ለ4 ሰአት ብርሃን ባለው ስክሪን ያነበቡ ሰዎች በወረቀት ካነበቡት በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ተኙ፣ ሜላቶኒን የሚባለው፣ ሲመሽ ለሰውነታችን የመኝታ ሰአት መድረሱን የሚናገረው ሆርሞናቸውም ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር 4 ሰአት አፍጥጦ 10 ደቂቃ ማጣት እኔን ብዙ አያስፈራኝም፣ ከብርሃኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ስልኩ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ነገር መኖሩ ነው፣ መጽሃፍ ቢያንስ ምእራፍ አለው። ግን ምእራፉም ያታልላል፣ ጎበዝ ጸሃፊ ምእራፉን የሚዘጋው በሩ ሲንኳኳ ነው፣ ማን እንዳንኳኳ ሳታውቁ ደሞ አትተኙም፣ "አንዷን ብቻ" እያልኩ 9 ሰአት የሆነብኝን ሌሊት አልቆጥረውም። አሁን አልጋ ላይ የማነበው ከዚህ በፊት ያነበብኩትን ብቻ ነው። ማን እንዳንኳኳ ስለማውቅ ሶስት ገጽ ሳልደርስ መጽሃፉ ፊቴ ላይ ይወድቃል።