በታነቀ የብሽሽት ሄርኒያ ላይ የቀዶ ጥገና መንገድ አመራረጥ

የታነቀ የብሽሽት ሄርኒያ (አንጀት በብሽሽት ቀዳዳ ወጥቶ ሲያዝና ደም ሲቋረጥበት) በቀጠሮ ከሚሠራው የሚለየው፣ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚያሳስበው የቀዳዳው አጠጋገን ሳይሆን በከረጢቱ (ከሆድ ዕቃ ሽፋን በተሠራው የሄርኒያ ኪስ) ውስጥ የታሰረው አንጀት በመሆኑ ነው። ስለዚህ የቆዳው መሰንጠቂያ ቦታ የሚመረጠው አንጀቱን በደንብ ለማየት፣ ካስፈለገም ቆርጦ ለመቀጠል እንዲያመች ተደርጎ ነው።

እብጠቱ አልመለስ ብሎ ሲነካ ክፉኛ የሚያም ከሆነና ቆዳው ከቀላ፣ በእጅ ገፍቶ ለመመለስ መሞከር አይገባም፤ የሞተ አንጀት ወደ ሆድ ሊገባ፣ ወይም ከረጢቱ ከነማነቂያ ቀለበቱ ወደ ውስጥ ሊገፋና እብጠቱ ጠፋ ተብሎ ታካሚው ሊሸኝ ይችላል። ሰገራና አየር መውጣቱም አያዘናጋ፤ በሪክተር ሄርኒያ የሚታነቀው የአንጀቱ አንድ ጎን ብቻ ነውና። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ የጨጓራ ቱቦውና አንቲባዮቲኩ ለቀዶ ጥገናው ከሚደረገው ዝግጅት ጎን ለጎን ይሂዱ።

ሄርኒያው ኢንጉይናል (በብሽሽት ቦይ በኩል የሚወጣ) ከሆነ የተለመደው የብሽሽት መሰንጠቂያ ይበቃል። ከረጢቱ የሚከፈተው ማነቂያው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ የተጠራቀመው ፈሳሽ ይመጠጣል፣ ረዳቱ አንጀቱን በእርጥብ ጋዝ ይይዛል፣ ቀለበቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንጀቱ ሳይታይ ሾልኮ ሆድ ይገባል፤ ያኔ በከረጢቱ በኩል ላፓሮስኮፕ (ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) አስገብቶ ማየት፣ መሣሪያው ከሌለ ደግሞ ሆድ መክፈት የግድ ሊሆን ይችላል። ሁለት የአንጀት እጥፋት ከረጢቱ ውስጥ ከተገኙም የሚያገናኛቸው መካከለኛው ክፍል ሆድ ውስጥ ታንቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ተስቦ ወጥቶ ሳይታይ አይመለስም፤ የማይድል ሄርኒያ የሚባለው ይህ ነው።

ፌሞራል ሄርኒያ (ከብሽሽት ጅማት በታች ወደ ጭን የሚወጣው) ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም ቶሎ ይታነቃል። ከብሽሽት ጅማት በታች የሚገባው የሎክዉድ መንገድ ለቀጠሮ ሥራ ቀላል ቢሆንም አንጀት ለመቁረጥ አይመችም። የሎታይሰን መንገድ በብሽሽት ቦይ በኩል ያልፋልና የቦዩን የኋላ ግድግዳ ይከፍታል። አንጀቱ መሞቱ ሲያጠራጥር እኔ የምመርጠው ከላይ፣ ከሆድ ዕቃ ሽፋን ፊት ለፊት የሚገባውን የማክኢቬዲን መንገድ ነው፤ በዚያው መሰንጠቂያ ሽፋኑን ከፍቶ አንጀት መቁረጥ ይቻላል። ቀለበቱን ለማስፋት በውጭ በኩል የጭኑ ትልቅ ደም መላሽ ሥር ስላለ የሚቆረጠው በውስጥ በኩል ያለው የላኩናር ጅማት ነው፤ በዚያ ጎን ግን ከመደበኛ ቦታው የወጣ የኦብቱሬተር ደም ሥር በአንዳንድ ሰው ላይ ስለሚያልፍ በጭፍን መቁረጥ አደገኛ ነው።

የተለቀቀው አንጀት በሞቀ ሳላይን በራሰ ጋዝ ተጠቅልሎ፣ ታካሚው ኦክስጅን እየተሰጠው ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል። ቀለሙ ወደ ሮዝነት ከተመለሰ፣ ገጹ ካንጸባረቀ፣ ሲነካ ከተንቀሳቀሰና በማንጠልጠያው (አንጀቱን ይዞ ደም ሥሮቹን በሚያደርሰው ሽፋን) የደም ሥር ምት ካለ ይመለሳል። ማነቂያው ያረፈበት ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ለብቻው በጥንቃቄ ይታይ፤ የቀረው አንጀት አገግሞ ያ ጠባብ ቀለበት ብቻ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ከተጠባበቁ በኋላም ጥርጣሬው ካልለቀቀ ቆርጦ መቀጠል ይመረጣል፤ በብሽሽቱ በኩል እስከ ጤነኛው ክፍል ስቦ ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ ሆድ በመሃል መስመር ይከፈታል።

አንጀቱ ደህና ከሆነና ቦታው ካልተበከለ ቀዳዳውን ለመጠገን ሰው ሠራሽ መረብ መጠቀም ይቻላል። አንጀት ከተበሳ ወይም መግል ካለ ግን በክር ብቻ መጠገን ይሻላል፤ ለኢንጉይናል የቦዩን የኋላ ግድግዳ የሚያጠናክረው የባሲኒ ወይም የሾልዳይስ ስፌት፣ ለፌሞራል ደግሞ የብሽሽት ጅማትን በዳሌ አጥንት ላይ ካለው የኩፐር ጅማት ጋር መስፋት። ሄርኒያው ተመልሶ ቢመጣ በቀጠሮ ይሠራል፤ የተመረዘ መረብን ማውጣት ግን ከዚያ የከበደ ቀዶ ጥገና ነው።