ናኖ ስታርታፕ ሊቀጥራችሁ ነው? መጀመሪያ ሰዎቹን እዩ

ከዓመታት በፊት አንድ ትንሽ የናኖቴክኖሎጂ (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ነገሮችን የመሥራት ሙያ) ድርጅት ሊቀጥረኝ ሲል የጠየቅሁት ስለ ደመወዝ ብቻ ነበር። መሥራቹ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ናቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ጽሑፋቸውን እያሰመርኩ ነው ያነበብኩት። ሌላ ምን ልጠይቅ? ስምንት ወር ሳይሞላኝ ነገሩ ገባኝ። የምንሠራው የወርቅ ናኖ ቅንጣት ሰኞ እንደ ከርከዴ ቀልቶ ይወጣል። ሐሙስ በዚያው አሠራር ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ቁጭ! ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል ማለት ነው፤ ይደፋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ በወር አንዴ ብቅ ይላሉ፤ የቀረነው ሁላችንም ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ነን።

ከዚያ ወዲህ ኢንተርቪው ሲጠሩኝ እኔም ኢንተርቪው አደርጋለሁ።

መለማመጃ እንዲሆናችሁ የእንግሊዙን ኦክስፎርድ ናኖፖርን ውሰዱ። ዲኤንኤን ስፋቱ ናኖሜትር (የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ በሆነ የፕሮቲን ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፋሉ። የዲኤንኤው «ፊደሎች»፣ ማለትም የተሠራባቸው አራት ኬሚካሎች፣ ሲያልፉ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይለዋወጣል፤ ከለውጡ ይነበባሉ። ሚንአዮን የሚባለው መሣሪያቸው 100 ግራም እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢቦላን ለመከታተል ወደ ጊኒ የሄደው በመንገደኛ ሻንጣ ነው።

መጀመሪያ መሥራቹ ድርጅቱ ከመቋቋሙ በፊት ምን ሲሠራ እንደነበር ፈልጉ። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ስሙን ጻፉና ከምሥረታው ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። ኦክስፎርድ ናኖፖር የተቋቋመው በ2005 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሄገን ቤይሊ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት የለፉት እነዚሁ ቀዳዳ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እንዲህ ሲገጥም ጥሩ ነው። ሰውዬው እስከ ትናንት ሲሚንቶ ሲያጠና ቆይቶ ዛሬ የካንሰር ናኖ መድኃኒት ካለ፣ ረጋ በሉ።

እኔ የተሸወድኩት ቀጥሎ ባለው ነው፦ ቢሮው ውስጥ በየቀኑ የሚውለው ማነው? ቤይሊም ቢሆኑ ዩኒቨርሲቲያቸውን አልለቀቁም። ድርጅቱን በዋና ሥራ አስፈፃሚነት የመሩት ጎርደን ሳንጌራ ናቸው። እሳቸው የመጡት የደም ስኳር መለኪያ ይሠራ ከነበረው ከሜዲሴንስ ነው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አስቡ። አንዷ ከሌላዋ ከተለየች በሽተኛው የማይሆን መጠን ኢንሱሊን ሊወጋ ይችላል። እዚያ የሠራ ሰው ወጥነት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ያውቃል። በ2008 ደግሞ ቀደም ሲል በሶሌክሳ የሠሩት ክላይቭ ብራውን መጡ፤ ሶሌክሳ ዲኤንኤ ማንበቢያ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበ ድርጅት ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ሙሉ ጊዜያቸውን አለመስጠታቸው አያስደንግጣችሁ። የሚያስደነግጠው አጠገባቸው ዕቃ በብዛት አምርቶ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ነው።

ፓተንቱ (የፈጠራው ባለቤትነት መብት) የማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ድርጅቱ የመጠቀም ፈቃድ በጽሑፍ ይኑረው። ያላቸው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆይም ጠይቁ፣ አትፈሩ። ኦክስፎርድ ናኖፖር እንኳ ሚንአዮንን ለመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች የሰጠው በ2014 ነው። ከተቋቋመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ!

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ «የመጨረሻዎቹን አሥር ባቾች (በአንድ ዙር የሚመረቱትን) ውጤት ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?» እንጀራ የጋገረ ያውቀዋል። ዓይኑ ያማረ አንድ እንጀራ ማንም ያወጣል። ሙያው ሃምሳውን አንድ ዓይነት ማውጣቱ ላይ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ የምታዩት የማይክሮስኮፕ ፎቶ ያቺ አንዷ እንጀራ ናት።

ባለፈው ይህንኑ ስጠይቅ ኃላፊው «ምስጢር ነው» ሊለኝ ከጅሎት ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው የላብ ቴክኒሻን ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ከአሥሩ ሦስቱ ቀይ ተቀብተዋል። ምን እንደተበላሸ ጎን ለጎን ተጽፏል። አንዱ ላይ «ውሃው» ብቻ ይላል፤ ለካ ማጣሪያው አርጅቶ ነው። ስለ ደመወዝ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።