ከውጭ ሆናችሁ ቤት ስታሠሩ ዝናቡን አስቡት

ውጭ ሆነን ቤት ስናሠራ ሐሳባችን ሁሉ ገንዘቡ ላይ ነው። እኔም የመሠረቱን ብር የላክሁት ዝናብ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። እኔ ያለሁበት አገር በጋ ስለነበር ነገሩ ትዝም አላለኝ። ቁፋሮው እንዳለቀ ዝናቡ ወረደና ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ወንድሜ ቪዲዮውን ሲልክልኝ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ነበር፤ ያንኑ ሥራ ሁለቴ ከፈልኩበት።

ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ኮንትራክተሩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ዝናቡ ሲገባ ሥራው የት ይደርሳል? መሠረቱ ወጥቶ ዙሪያው ከተሞላ፣ ወይም ጣሪያው ከተመታ ደህና ነው። ቁፋሮው ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ ግን ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቁ። ዘመድ «ለምን ቆመ?» ቢልም ጠብቁ።

ተቆፍሮ ዝናብ ከደረሰበት ደግሞ ውሃውን መቅዳት ብቻ አይበቃም። ውሃ የተኛበት አፈር ይላላል። የላላው ጭቃ ተጠርጎ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ መውረድ አለበት፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ስስ አርማታ ይፈስበታል። ቦታችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል።

አዳዲስ ሰፈር ላይ ሌላው ጣጣ መንገዱ ነው። ኮረት እንኳ ያልለበሰ መንገድ ሲጨቀይ የጭነት መኪና አይገባም፤ ጠጠሩና አሸዋው ዋናው መንገድ ዳር ይራገፍና በሰው ሸክም ይገባል፣ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው፣ ያደረውን አሸዋም ጎርፍ ይወስደዋል። አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ መንገዱ ደረቅ እያለ ይግቡ። ሲሚንቶን ግን አታከማቹ። በደንብ ተቀምጦም ቢሆን ወራት ሲያልፉት አቅሙ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይጓጉላል። ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይደርደር፣ ግድግዳ አይንካ። የውሃ መውረጃ ቦይ ገና ባልተሠራበት ሰፈር ከላይ ያለው ግቢ ጎርፍ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጊዜያዊ ቦይ ይቆፈር። የእናንተ ውሃም ጎረቤት ግቢ እንዳይገባ አደራ።

አርማታ በሚሞላበት ቀን ዝናብ ከመጣ ሲሚንቶውን ከላይ ያጥበዋል። ሸራ ወይም ላስቲክ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። የረጠበ አሸዋም ራሱ ውሃ ይዟል፣ ስለዚህ የሚጨመረው ውሃ መቀነስ አለበት፤ እንደ በጋው ያህል ውሃ ከተጨመረ አርማታው ቀጥኖ ይደክማል። በደንብ ከጠጠረ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ግን ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ውሃ ያጠጣላችኋል።

እኔ ከሁሉ የምፈራው የሶሌታውን፣ ማለትም ከላይ የሚሞላውን የአርማታ ወለል፣ ድጋፍ ነው። የድጋፍ እንጨቶቹ እርጥብ አፈር ላይ ከቆሙ በክብደቱ ይሰምጣሉ፣ ሶሌታውም ሳይጠነክር ይጎብጣል። ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር ሰፊ ጣውላ መግባቱን በፎቶ አሳዩኝ በሉ። ከሩቅ ሆኖ ማንም የማይጠይቀው፣ ግን ቤት የሚያበላሸው ይህ ነው። «ዝናብ ስላለ ቶሎ እንጨርስ» ብለው ድጋፉን ያለ ቀኑ እንዳያነሱም ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። አርማታ የሚጠበቅበት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው።

ፎቶ ስትጠይቁ ቤቱን ከፊት ለፊት አትጠይቁ። የጉድጓዱን ታች፣ የሲሚንቶውን ማስቀመጫ፣ አርማታው ውስጥ የሚገባውን ብረት (ፌሮውን) ቀረብ ብሎ ይነሳላችሁ። ፌሮ ላይ ስስ ዝገት ችግር የለውም፤ እየተቀረፈ የሚረግፍ ከሆነ ግን አርማታ ሳይሞላበት መሐንዲስ ይየው። ወኪላችሁ እህት ወይም አጎት ከሆኑ በጭቃ እየተመላለሱ እንደሆነ አስቡ። የትራንስፖርቱን ብር ሳይጠይቁ ላኩላቸው።

የውጭ ልስንና ቀለም አታስቸኩሉ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ከቻላችሁ ቤቱ አንድ ኃይለኛ ዝናብ እስኪያይ አቆዩት፣ ይህንንም መጀመሪያ ውሉ ላይ አስገቡት። በዚያ ቀን ሰው ልካችሁ ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን ጠርዝና አሸንዳው ውሃውን የሚጥልበትን ቦታ በቪዲዮ ያስቀርጽላችሁ።